ከአንኮበር ያልታየችው የእንፋሎት መርከብ፦ የ1841 የሸዋ ስምምነት ከባሕር ወገን ሲታይ

የካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስን ባለሦስት ጥራዝ የጉዞ መጽሐፍ ሳያገላብጥ ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የጻፈ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። በ1844 ለንደን ላይ የታተመው ይህ ሥራ የአንኮበርንና የአንጎለላን ቤተ መንግሥት፣ የሸዋን ግብር፣ ዘመቻና ገበያ ለሚመረምር ሁሉ እንደ ዋና ምስክር ሲጠቀስ ኖሯል። አብዛኞቻችን ግን መጽሐፉን የምንከፍተው ከመካከሉ ነው። መልእክተኛው የአዳልን በረሃ አቋርጦ ከይፋት ሥር ፋሬ የደረሰበትን ገጽ ፈልገን ከዚያ እንጀምራለን። ይህ ጸሐፊም ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት ሲዘጋጅ ያደረገው እንዲሁ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች የባሕር ወሬ ናቸው ብሎ ዘለላቸው። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሲያነባቸው መጽሐፉ የሚጀምረው በቦምቤይ ወደብ ላይ በሚጨስ ጥቁር የጭስ ዐምድ መሆኑን አስተዋለ። ጭሱ የሚወጣው ኦክላንድ ከምትባል የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የእንፋሎት ፍሪጌት ነበር።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ክርክር ከዚያ ጭስ ይነሣል። በኅዳር ወር 1841 በሸዋና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ስምምነት ለምን እንደተፈለገ፣ ለምንስ ብዙ ሳይቆይ ፍሬ አልባ እንደሆነ ለመረዳት የንጉሡንና የመልእክተኛውን ጠባይ ከመመርመር በፊት የመርከቧን ጉልበትና የጉልበቷን ወሰን መመርመር ይገባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን የምጽፈው በደብረ ሲና ሆኜ ነው። ከከተማዋ በላይ ከጣርማ በር ጫፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው፣ ጉሙ ካልከለከለው፣ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ወደ አዋሽ የሚሰፋውን ቆላ ያያል። ባሕር ግን አያይም። በስተደቡብ በዚሁ ተረተር ላይ የተቀመጠችው አንኮበርም ባሕር አታይም። የሸዋ ነገሥታት የሚያውቁት ባሕር በነጋዴ አፍ የተነገረውን፣ በግመል ጀርባ የመጣውን ያህል ነበር። ክርክሬ በሙሉ በዚህ እይታ ላይ የቆመ ነው ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ ስለ መርከቧ ዓይነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፍሪጌት በሸራ ዘመን የፈጣንና መካከለኛ የጦር መርከብ ስም ነበር። በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ የእንፋሎት ሞተር በውስጧ ሲገባ በግራና በቀኟ ግዙፍ የመቅዘፊያ መንኰራኩሮች ተተከሉላት፤ ስሟ ግን አልተለወጠም፤ ምሰሶዋና ሸራዋም አልወረዱም። ይህ ድርብነት የጊዜው የቴክኖሎጂ ውሱንነት ምልክት ነው። መንኰራኩሮቹ የመድፎችን ቦታ ይወስዳሉ፤ በጥይት ለመመታትም የተጋለጡ ናቸው። ከሁሉ የከፋው ግን የከሰል ፍጆታዋ ነው። ነፋስ በነጻ ይነፍሳል፤ ከሰል ግን አስቀድሞ በመንገድ ላይ መከማቸት አለበት። የሸራ መርከብ ውኃና ስንቅ ካገኘች የትም ልትሄድ ትችላለች፤ የእንፋሎት መርከብ የምትደርሰው ከሰል ቀድሟት እስከ ደረሰበት ድረስ ነው።

የኩባንያው ሰዎች ይህን የተማሩት በተግባር ነው። በ1830 ሂዩ ሊንድሴይ የተባለችው 411 ቶን የምትመዝን እንፋሎት መርከብ ከቦምቤይ ወደ ስዊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ተላከች። መርከቧ የተሠራችው ለአምስት ቀን ተኩል ያህል የሚበቃ ከሰል እንድትይዝ ሲሆን እስከ ኤደን ያለው ጉዞ ግን አሥራ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ባዶ ቦታ በተባለው ሁሉ ከሰል ተሞልቶባት ወጣች፤ ኤደን ስትደርስም የቀራት ለጥቂት ሰዓታት የሚበቃ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤደን ለቦምቤይ መንግሥት የከሰል ክምር የሚቀመጥባት ቦታ ሆና መታየት ጀመረች። በ1837 በአቅራቢያዋ የተሰበረች የሕንድ መርከብ መዘረፏ ሰበብ ሆነና ከብዙ ድርድር በኋላ በጥር 19 ቀን 1839 የሕንድ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ካፒቴን ስታፎርድ ሄይንስ የመራው ኃይል ከተማዋን በጦር ያዘ። በተከታዩ ዓመት በነሐሴ ካፒቴን ሞርስቢ ከታጁራው ሱልጣን ጋር ተዋውሎ በወደቡ ፊት ያሉትን የሙሻ ደሴቶች አገኘ። ለደሴቶቹ የተከፈለው ዋጋ አሥር ከረጢት ሩዝ ነበር። ይህን ቁጥር ለተማሪዎች ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ሱልጣኑ ግን ውኃ የሌላቸውን ደሴቶች አሳልፎ ሲሰጥ ዋናውን ነገር፣ የቅፍለቱን መንገድ፣ በእጁ እንደያዘ ልብ ማለት ይገባል።

ኦክላንድ በዚህ የከሰል መስመር ላይ የምትመላለስ መርከብ ነበረች። በ1840 በቦምቤይ የመርከብ መሥሪያ ተሠራች፤ ይህ የዋዲያ ቤተሰብ የፓርሲ አናጢዎች ከትውልድ ትውልድ መርከብ የሠሩበት ስፍራ ነው። ስሟም የወቅቱ የሕንድ ጠቅላይ አስተዳዳሪ የሎርድ ኦክላንድ ስም ነው። በሚያዝያ 1841 ሃሪስንና ጓዶቹን ጭና ወደ ኤደን ቀዘፈች። ከመልእክተኞቹ መካከል ሐኪሙ ኪርክ፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ሮትና ሠዓሊው በርናትዝ ይገኙባቸዋል። ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተመደበው ስጦታ ከሦስት መቶ ነፍጦች ጋር ቀላል መድፎችን፣ ምንጣፍን፣ የካሽሚር ሻልን፣ የሚዘምሩ ሰዓቶችን ያካተተ ነበር። ንጉሡ አስቀድመው በሚሲዮናዊው ዮሐን ክራፕፍ አማካይነት ለኩባንያው መልእክት ልከው ነበርና መልእክተኞቹ ያልተጠሩ እንግዶች አልነበሩም። የፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩርም በ1839 ሸዋ ገብቶ ነበር፤ ኤደንን የያዘ ኃይል ከባሕሩ ማዶ ሌላ ባንዲራ ሲውለበለብ ማየት አይፈልግም።

የእንፋሎቷ ጉዞ ኤደን ላይ አበቃ። ብዙዎቻችን የዘለልነው ቁም ነገር ይህ ነው። ከኤደን ወደ ታጁራ ያለው መሻገሪያ አጭር ቢሆንም ሃሪስ የተሻገረው በኦክላንድ ሳይሆን ኤፍራጥስ በምትባል የኩባንያው የሸራ ጦር መርከብ ነበር። በግንቦት ታጁራ ሲደርሱ መድፍ ተኮሱ፤ ተኩሱ ግን ግመል አላስገኘላቸውም። ከሱልጣኑና ከአፋር የቅፍለት መሪዎች ጋር ስለ ግመል ዋጋ፣ ስለ ጭነት አከፋፈል፣ ስለ ቅድሚያ ክፍያ ለቀናት ተከራከሩ። ሃሪስ ይህን ሁሉ የስግብግብነትና የማታለል ታሪክ አድርጎ ጽፎታል። የዚህ ጸሐፊ ንባብ ግን ሌላ ነው፦ የመንገዱ ባለቤት የሆኑ ሰዎች የመንገዱን ዋጋ እየተደራደሩ ነበር። ጭነቱ የጦር መሣሪያ መሆኑን ያውቃሉ፤ የሚደርሰውም ለደገኛው ንጉሥ መሆኑን ያውቃሉ። በዚህ ሁኔታ ዋጋ ያላስወደደ ነጋዴ ቢኖር ነበር የሚገርመው።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ቅፍለቱ የአሳልን የጨው ሐይቅ በሌሊት አልፎ፣ በጥም ተቃጥሎ ሄደ። በሰኔ ወር ጉንጉንቴ በሚባል ሸለቆ ሌሊት በደረሰባቸው ጥቃት ሁለት የእንግሊዝ ወታደሮችና አንድ ፖርቱጋላዊ ወጥ ሠሪ ተገደሉ። አዋሽን ተሻግረው በሐምሌ ፋሬ ሲደርሱ ደግሞ የይፋቱ አበጋዝ ወላስማ መሐመድ ጠበቋቸው። ያለ ንጉሡ ፈቃድ ሰውም ዕቃም ሽቅብ አይወጣምና እዚያ ቆዩ። ግመል የአንኮበርን ዳገት አይወጣውም፤ ጓዙ ወደ አህያና ወደ ሰው ትከሻ ተዛወረ።

እንግዲህ ይህን ጉዞ እንደ ጉልበት ሒሳብ እንመልከተው። ቦምቤይ ላይ በእንፋሎት የተጀመረው ኃይል ኤደን ላይ ወደ ሸራ፣ ታጁራ ላይ ወደ ግመል፣ ፋሬ ላይ ወደ ሰው ትከሻ ወረደ። በእያንዳንዱ መለወጫ ላይ ደግሞ ባለቤት አለ፤ ፈቃዱ የሚጠየቅ፣ ድርሻው የሚከፈል። ሣህለ ሥላሴ ፊት የቀረበው ኃይል በእነዚህ ሁሉ እጆች ተጣርቶ የደረሰው ቅሪት ነበር፤ እርሱም ሣጥን፣ ነፍጥ፣ ቀላል መድፍና ጥቂት አጃቢ ወታደር ነው። መድፎቹ በንጉሡ ፊት ሲተኮሱ አድናቆትን አተረፉ እንጂ ፍርሃት አልጫሩም። ኦክላንድን ያየ ሸዌ በዚያ አልነበረም።

የስምምነቱም ጠባይ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። በኅዳር 16 ቀን 1841 የጸደቀው ባለ 16 አንቀጽ ውል በብራና ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ተጻፈ፤ የቅድስት ሥላሴ ሥዕልና የእንግሊዝ ዘውድ ዓርማም ተሳሉበት። ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ንግድ ነጻነት፣ ስለ ቀረጥ፣ በሸዋ ስለሚሞት የውጭ ሰው ንብረት ይናገራል። ውሉን ማን እንደሚያስፈጽመው ሲጠየቅ ግን መልስ አይገኝም። ንጉሡ ከአዋሽ ማዶ ያለውን መንገድ ሊከፍቱ አይችሉም፤ የእንግሊዝ መርከቦችም ከታጁራ ወዲህ ሊገፉ አይችሉም። መንገዱን የያዙት አፋሮች የውሉ ፈራሚዎች አልነበሩም። የንግድ ስምምነቱ በሁለት ጫፎች ተፈርሞ መካከሉ ባዶ ሆኖ ቀረ።

የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለ ስምምነቱ መክሸፍ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ምክንያት የሰዎች ጠባይ ነው። ሃሪስ ትዕቢተኛ ነበር ይባላል፤ በዚያው ጊዜ ሸዋ የነበሩት ቻርለስ ቢክና ቻርለስ ጆንስተን በጻፉበት ነቀፋም ይደገፋል። ንጉሡ ደግሞ ነፍጡን እንጂ ንግዱን አልፈለጉም ይባላል። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። የስቬን ሩቤንሰን ጥናቶች የዘመኑን ደብዳቤዎችና ውሎች በየቋንቋቸው አስተያይቶ የማንበብን ዋጋ አሳይተውናል፤ ከዚያ ወዲህ ስምምነቱን ከእንግሊዝኛው ብቻ ማንበብ ስንፍና ነው። ሆኖም ጠባይም ሆነ ቃል ያልገለጸው ነገር ይቀራል። ሃሪስ ገና አንኮበር ሳለ ከባሕር ወገን ያለው ሁሉ ተለዋውጦ ነበር። በነሐሴ 1841 ለንደን ላይ ካቢኔው ወደቀ። በጥር 1842 የእንግሊዝ ጦር ከካቡል ሲያፈገፍግ አለቀ፤ ሎርድ ኦክላንድ ተሽሮ በሎርድ ኤለንቦሮ ተተካ። በስሙ የተጠራችው መርከብ በዚያው ዓመት በቻይና ነበረች፤ የናንኪን ውል ሲፈረም በያንግትዜ ወንዝ ከተሰበሰቡት መርከቦች አንዷ ናት። የሸዋ ጉዳይ ለቦምቤይ መንግሥት ከትርፍ ጊዜው የተቆረሰ ሥራ ነበር፤ ኤደን ከተያዘች ወዲያ የከሰሉ ጥያቄ ተመልሷልና ወደ ደጋው ለመውጣት የሚገፋ ጥብቅ ምክንያት አልቀረም። ሃሪስ በ1843 መጀመሪያ ተመለሰ፤ በሰኔ ደግሞ ሮሼ ዴሪኩር ለፈረንሳይ ሌላ ውል አስፈረመ። እርሱም ከዚያው ዕጣ አላመለጠም።

ክርክሩ በግምት ብቻ እንዳይቀር በሌላ አገር የተፈጸመ ተመሳሳይ ጉዳይ ቢነጻጸር ይጠቅማል። ሃሪስ ሸዋ በደረሰበት በ1841 በአሜሪካ የፊላደልፊያ የባሕር ኃይል መሥሪያ ሚሲሲፒ የተባለች ባለ መንኰራኩር የእንፋሎት ፍሪጌት ውኃ ላይ ወረደች። ግንባታዋን በቅርብ የተቆጣጠረው ማቲው ፔሪ ነበር። መርከቧ በሜክሲኮ ጦርነት አገለገለች፤ የሃንጋሪውን ስደተኛ መሪ ኮሹትን ከቱርክ ግዛት ጭና አወጣች፤ በሐምሌ 1853 ደግሞ ከሳስክዌሃና ጋር ሁለት የሸራ መርከቦችን አስከትላ በኤዶ የባሕር ሰላጤ ታየች። የጃፓን ሕዝብ ከባሕር ዳር ቆሞ ነፋስን ተቃውመው የሚጓዙትን ጥቁር መርከቦች በዓይኑ አየ። በተከታዩ ዓመት ፔሪ ተመልሶ ስጦታ አቀረበ፤ ከስጦታው መካከል በትንሹ ተሠርታ በሐዲድ ላይ የምትሽከረከር ባቡርና ቴሌግራፍ ነበሩ። በመጋቢት 1854 ውሉ ሲፈረም ጃፓን ሺሞዳንና ሃኮዳቴን ለአሜሪካ መርከቦች ስንቅ፣ ውኃና ከሰል እንዲያገኙባቸው ከፈተች።

የሃሪስና የፔሪ ተልእኮዎች አምሳያነት ያስገርማል። በሁለቱም ዘንድ የእንፋሎት ፍሪጌት፣ የመካኒክ ስጦታ፣ ባለ አንቀጽ ውልና የከሰል ጥያቄ አሉ። የጃፓን ዋና ከተማ ግን ከመርከብ መድፍ ብዙ አትርቅም፤ የኤዶ ሕዝብ የሚበላው ሩዝም የሚመጣው በባሕር ነበር። አንኮበር በአንጻሩ ከታጁራ የሁለት ወር መንገድ ትርቃለች። በጃፓን ስጦታው ከመርከቧ ጎን ሆኖ ስለ መርከቧ ይመሰክር ነበር፤ በሸዋ ስጦታው ከእናቱ እንደተለየ ልጅ ብቻውን ቀረ። አንዳንድ ምሁራን ጃፓን ከውሉ በኋላ የነቃችበትንና ኢትዮጵያ የዘገየችበትን ምክንያት በሕዝቦቹ ባሕርይ ውስጥ ሲፈልጉ እሰማለሁ። ከባሕርይ በፊት ካርታ ማየት ይቀድማል። ሚሲሲፒ በመጨረሻ ባዕድ ባሕር ላይ አልጠፋችም፤ በመጋቢት 1863 በራሷ አገር የእርስ በርስ ጦርነት በፖርት ሃድሰን በወንዝ ውስጥ አሸዋ ላይ ተቀርቅራ በተኩስ ስትደበደብ የራሷ ሰዎች እሳት ለቀቁባት። የእንፋሎት ፍሪጌት ጥልቀት በሌለው ውኃ ምን ያህል ምስኪን እንደሆነች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ሊሸሽም አይገባውም። በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ መቅደላ ደርሷል። የባሕር ኃይል ወታደሮች ሳይቀሩ ሮኬት ተሸክመው ወጥተዋል። ስለዚህ ርቀትና ገደል የእንፋሎትን ኃይል ያግዳሉ ማለት እንዴት ይቻላል? መልሱ በወጪው ውስጥ ነው። 13,000 ያህል ወታደር፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፣ በባሕሩ ዳር የተዘረጋ የባቡር ሐዲድ፣ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ አስፈልጓል። ይህ ሁሉ ወጪ ሆኖም ቢሆን መንገዱ የተከፈተው የትግራዩ ካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሆኑት፣ እንዲያልፉና እህል እንዲገዙ ስለፈቀዱ ነው። መካከለኛው ባለቤት እዚህም አለ፤ የናፒየር ዘመቻ ክርክሬን ከማፍረስ ይልቅ የሚያጠናው በዚህ ነጥብ ነው።

ከዚያም በኋላ ሸዋና ባሕሩ በቀላሉ አልተቀራረቡም። በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ፤ የእንፋሎት መርከቦች በቀይ ባሕር እንደ ዕለት ተግባር መመላለስ ጀመሩ፤ ፈረንሳዮች በኦቦክ፣ ጣሊያኖች በአሰብ ተቀመጡ። ሆኖም ገጣሚው አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ በጥቅምት 1886 ከታጁራ ሲነሣ አንኮበር የደረሰው በየካቲት 1887 ነው። መርከቡ ፈጥኗል፤ ግመሉ ግን ያው ነው። ይህን የለወጠው ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ነው። በ1903 የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር ማቻይስ ከምትባል የጦር ጀልባ ጅቡቲ ላይ ሲወርድ አጃቢ የባሕር ወታደሮቹ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያም በበቅሎ አዲስ አበባ ገቡ። አንኮበርን አላዩአትም። ባቡሩ መንገዱን ወደ ደቡብ ሲወስደው የአልዩ አምባ ገበያ እየከሳ ሄደ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማንሣት ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ከሌላው ይከብዳል። ቀላሉ የማኅደር ጉዳይ ነው። የሸዋን የ19ኛ መቶ ክፍለ ዘመን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ዜና መዋዕልንና የተጓዦችን መጽሐፍ አንብቦ ይበቃኛል ይላል። የኩባንያው መዛግብት በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የሕንድ ጽሕፈት ቤት ክምችት፣ የቦምቤይ መንግሥት ወረቀቶች ደግሞ በሙምባይ በማሃራሽትራ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። የከሰል ግዢ ሒሳብ፣ የመርከብ ምደባ ትእዛዝና የኤደን ወኪል ደብዳቤ ለሸዋ ታሪክ ምንጭ መሆናቸውን የምርምር ዘዴ ኮርሶቻችን ሊያስተምሩ ይገባል። የውጭ መዝገብ ማየት ገንዘብ ይጠይቃል የሚለውን አውቃለሁ፤ ተማሪው ግን መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ርዕሱን ሲመርጥ ማየት ያሳዝናል።

ከባዱ ሌላ ነው። ከ1993 ወዲህ አገራችን የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ከ1998ቱ ጦርነት ጀምሮም አሰብ ተዘግቶብናል። በደብረ ሲና ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ከአሰብ በኮምቦልቻ በኩል ይመጡ የነበሩትን ከባድ መኪናዎች ያስታውሳሉ፤ ሾፌሮቹ ቆመው ቆሎ ይገዙ ነበር። ስለዚህ የባሕር በር ጉዳይ ሲነሣ ስሜት ቢቀድም አይገርምም። ነገር ግን ይህ ስሜት ወደ ታሪክ ጽሑፎቻችን ሲገባ አንድ የሚያሰጋ ልማድ ያመጣል፤ በደጋውና በባሕሩ መካከል ያለውን ሁሉ ባዶ መተላለፊያ ያደርገዋል። ሃሪስ ያደረገው ይህንኑ ነው። ታጁራን የስግብግቦች ሰፈር፣ የአፋርን ምድር የሞት ሸለቆ አድርጎ ሣለ፤ አንኮበር ላይ ሲደርስ ብቻ ሰው ያየ ይመስላል። እኛም እርሱን ስንጠቅስ ሳናውቀው ዓይኑን ተውሰናል። በ1841 የሆነውን በትክክል ካነበብነው ግን የሸዋን ግንኙነት ከዓለም ጋር የወሰኑት ሰዎች አብዛኞቹ በመካከል የነበሩ ናቸው፦ ሱልጣኑ፣ የቅፍለት መሪዎቹ፣ ወላስማው፣ የአልዩ አምባ ነጋዴዎች። የእነርሱን ፈቃድ ያላገኘ ፍሪጌትም ንጉሥም ውሉን ከብራና ላይ ሊያወርደው አልቻለም።

ስለዚህ የምርምር ርዕስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና ከሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ሁለት አማካሪዎች በጋራ የሚመሩት፣ የፋሬን መንገድ ከሁለቱም ወገን የሚያነብ ጥናት ነው። የአፋር የቃል ታሪክ ሳይሰበሰብ ስለ አንኮበር ንግድ የሚጻፈው ሁሉ ግማሽ ነው። የአፋርኛ ቋንቋ የማያውቅ ተመራማሪ ብቻውን ሊሠራው አይችልም፤ እንግሊዝኛውን የጉዞ መጽሐፍ ብቻ የያዘ ደግሞ ጨርሶ አይጀምረው።

መነሻ ለሚሆን አንድ ሰው ልጠቁም። ከሃሪስ ጓዶች መካከል ሌተናንት ባርከር የተባለ የሕንድ ባሕር ኃይል መኮንን ነበረ። ከመርከበኞች ወገን ተረተሩን በእግሩ የወጣ እርሱ ነው። በ1842 መጀመሪያ ወደ ባሕሩ ለመመለስ ሲነሣ በአልዩ አምባ ተቀመጠ፤ ሐረር በየት በኩል እንደምትገኝ ለማወቅ ከነጋዴዎች መረጃ ሰበሰበ፤ ያገኘውንም በዚያው ዓመት በለንደን የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት በአጭር ዘገባ አሳተመ። የባሕር ላይ አቅጣጫን በኮከብና በመሣሪያ የሚለካ ሰው እዚያ ገበያ ውስጥ በቅፍለት ቀናት ቁጥር መለካት ነበረበት። የዘገባውን እያንዳንዱን የጉዞ ቀን ዛሬ በይፋትና በአፋር ካሉ የድሮ መንገድ ስሞች ጋር ማስተያየት ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው።